መስኮቱ ስር ያለው ቧንቧ

ክሌም ሃዋርዝ ሮችዴል ከተማ ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲያሞቅ የኖረ ሰው ነው። ውሃ የሚያሞቀውን ቦይለር ይተክላል፣ ሙቅ ውሃ እየዞረ ክፍሉን የሚያሞቅበትን ራዲያተር ይሰቅላል፣ ቧንቧ ይበይዳል። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው። አጭር ነው፤ ጉልበቱ ከመንበርከክ ብዛት አልቆ ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። በጣም ዓይን አፋር ነው። በር ሲያንኳኳ እንኳን ቀስ ብሎ ስለሆነ ባለቤቶቹ አይሰሙትም፤ ብዙ ጊዜ ውጭ ቆሞ ስልክ ይደውልና "በሩ ላይ ነኝ" ይላል። የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሻይ ሲሰጡት ቆሞ ይጠጣል፤ ከዚያ ኩባያውን ራሱ አጥቦ ይደፋዋል።

አላገባም። እናቱን እስከ መጨረሻዋ አስታመመ፤ ከሞተች በኋላ እዚያው ቤት ብቻውን ቀረ። የገዛ ቤቱ ማሞቂያ ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው። የሚሠራው የኩሽናው ራዲያተር ብቻ ነው። የዕቃ መደብሩ ልጆች ሲያዩት ይጀምሩታል።

"ክሌም፣ ሳሎንህ ውስጥ ነጭ ድብ ታየ አሉ።"

"ኪራይ እስከከፈለ ድረስ ምን ቸገረኝ" ይላቸዋል፤ ፊቱ ግን ይቀላል።

ሰው ሁሉ ታማኝ ነው ይለዋል። "ክሌም ከነገረህ አለቀ" ይላሉ። ታማኝ ሲሉት አንገቱን ይደፋል። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ጥር ወር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ ወይዘሮ ዊኒ ራምስደን ነበሩ፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት። የክሌምን ቁጥር ያገኙት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።

"ልጄ፣ ቦይለሬ ዛሬ ሌሊት ሞተ። አንተ ካልደረስክልኝ እኔም ከጎኑ መተኛቴ ነው።"

"የት ነው ቤትዎ፣ ወይዘሮ?"

"ኩፐር መንገድ፣ ቁጥር አሥራ ሁለት።"

ክሌም ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ዊኒ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው "ሃሎ! ሃሎ!" አሉ።

"አለሁ፤ መጣሁ" አለ።

ኩፐር መንገድን ያውቀዋል። በመኪና ሲሄድ እንኳን ዞሮ በሌላ ይሄዳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

ክሌም ሃያ ዓመቱ እያለ፣ ገና ሥራ ሲለምድ፣ ባሪ ኖውልስ የሚባል አለቃ ነበረው። ያን በጋ ማዘጋጃ ቤቱ ለኩፐር መንገድ ቤቶች ማሞቂያ ያስገባ ነበር። የታችኛው ክፍል ወለል ደረቅ ኮንክሪት ነው። መስኮቱ ስር ላለው ራዲያተር ቧንቧ ለማድረስ ወለሉን ይሰነጥቁና ቧንቧውን አስተኝተው በሲሚንቶ ይደፍኑታል። የመዳብ ቧንቧ ደግሞ ራቁቱን ሲሚንቶ ውስጥ አይገባም፤ ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ በመጠቅለያ ይጠቀለላል። ይሄን ማንኛውም ጀማሪ ያውቃል።

አንድ አርብ ከሰዓት መጠቅለያው አለቀ። ስድስት ቤት ቀርቷል። ሲሚንቶው ተቦክቷል፣ ማሽኑ ይዞራል።

"መጠቅለያው አልቋል፣ ባሪ" አለ ክሌም።

"እና? ሲሚንቶው እስኪደርቅ ቆመህ ልትጸልይለት ነው?"

"ሰኞ ብንመለስበትስ?"

"ሰኞ ሌላ ሥራ አለ። አንተ ልጅ፣ ይሄ የሚበሰብሰው እኔና አንተ ከሞትን በኋላ ነው። ሲሚንቶውን አልብሰው ስልህ አልብሰው!"

ክሌም ራቁቱን ቧንቧ ሲሚንቶ አለበሰው። ስድስቱንም ቤት። ባሪ በበኩሉ ቃሉን ጠብቋል፤ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ክሌም ግን አልሞተም።

ከዓመታት በፊት እዚያው መንገድ ቁጥር ስምንት ወለሉ አፈሰሰና ክሌምን ጠሩት። ሲሚንቶውን ሲቆፍር የገዛ እጁን ሥራ አገኘው፤ አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደ ወንፊት ተበስቶ። ባለቤቱ በላዩ ቆሞ "ምን ሆኖ ነው?" አለው። ክሌም ቀና ሳይል "ዕድሜ ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መንገዱን የሸሸው።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ቁጥር አሥራ ሁለት ደረሰ። ዊኒ ካፖርት ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ሁለት ሻርፕ ጠምጥመው ከፈቱለት።

"ግባ ግባ፤ ውጭው ሳይሻል አይቀርም።"

ቦይለሩን ከፍቶ አየው። ውስጡ ተሰንጥቆ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል። ቀይ ወረቀት ለጠፈበት፤ አትንኩት ማለት ነው።

"አይድንም፣ ወይዘሮ ራምስደን። አዲስ ነው የሚያስፈልገው።"

"መቼ?"

"ነገ ቧንቧዎቹን አጥባለሁ፤ ከነገ ወዲያ አዲሱን እሰቅላለሁ። ሳይታጠብ አዲስ ቦይለር አይገባም። ውስጡ ያለው የዝገት ጭቃ በአንድ ክረምት ይገድለዋል። ቧንቧው ካልታጠበ ፋብሪካውም ዋስትና አይሰጥም።"

ዊኒ በጣታቸው ቆጠሩ። "ረቡዕ፣ ሐሙስ... አርብ ይሞቃል?"

"ይሞቃል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ምነው? አርብ ምን አለ?"

ያኔ ዊኒ ወደ ፊተኛው ክፍል ወሰዱት። ሶፋውን ወደ ጥግ ገፍተውታል። መስኮቱ ስር ባዶ ቦታ አለ።

"ሴሲል ይመጣል" አሉ።

ሴሲል ባላቸው ናቸው። ሳንባቸው አልቆ ሆስፒታል ከተኙ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ የምናደርግለት የለም ብለዋል። እሳቸውም ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ቤቴ ልሙት። ሆስፒታሉ እሺ አለ። ሐሙስ አልጋ ይመጣል፣ አርብ ስምንት ሰዓት ላይ አምቡላንስ ያመጣቸዋል። ግን ሐኪሞቹ አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ታች ያለው ክፍል ሞቃት ካልሆነ አይሰዷቸውም። ሳንባቸውን ብርድ ከነካው የዚያኑ ዕለት ይሞታሉ አሉ።

"አልጋው እዚህ ነው" አሉ ዊኒ መስኮቱን እያሳዩት። "ፌርማታዋን እያየ። አሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስን ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል። አሁን የሚነዳት ልጅ ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ ሴሲል ተኝቶ ሲሰድበው ደስ ይለዋል።"

ክሌም መስኮቱን አላየም። ያየው ወለሉን ነው። ምንጣፉ ስር፣ ልክ አልጋው በሚቆምበት ቦታ፣ የዚያ አርብ ቧንቧ ተኝቷል።

እዚያው መናገር ነበረበት። ነገሩ ቀላል ነበር። ከወለሉ ስር ያለውን ቧንቧ ቆርጦ ይተወውና በግድግዳው ጠርዝ አዲስ ቧንቧ ይዘረጋል። የሦስት ሰዓት ሥራ ነው። ቧንቧው ደግሞ መኪናው ላይ አለ። ግን ዊኒ "ለምን?" ይላሉ። ለምን ሲሉት ምን ይላል? አፉን ከፈተ።

"ወይዘሮ ራምስደን..."

"አቤት ልጄ?"

"ራዲያተሩ... ጥሩ ቦታ ነው ያለው።"

"እኮ! ጀርባውን እንደ ድመት ያሞቃል።"

ማታ ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ ለራሱ አወራ። አርባ አንድ ዓመት ይዟል፤ ሌላ አርባ ባይይዝ አንድ ወር ይይዛል። ቀስ አድርጌ አጥባለሁ። ለስላሳውን የቧንቧ ማጠቢያ መድኃኒት ነው የማስገባው። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ። አንድ የሚያውቀውን ነገር ግን ዘለለው። እንዲህ ያለ ቧንቧ የሚኖረው በጭቃው ነው። ቀዳዳዎቹን ደፍኖ የያዘው ያው ዝገት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ማጠቢያ ማሽኑን አስገባ። የሻንጣ ያህል ነው፤ ፓምፕና የራሱ ውሃ ማሞቂያ አለው፣ አራት የውሃ ጎማ አለው። አሮጌውን ቦይለር ነቀለና ማሽኑን በቦታው አሰረው። ውሃውን በኃይል ያዞረዋል፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። ክሌም ደግሞ የጎማ መዶሻ ይዞ ከራዲያተር ራዲያተር እየሄደ ይደበድባል፤ ጭቃው እንዲለቅ። የሚወጣው ውሃ በጎማው ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። ጥቁር ነው።

ዊኒ ከኩሽናው በር ሆነው አዩት።

"ይሄን ነው እንዴ አርባ ዓመት ስንሞቅበት የኖርነው? የሴሲል ሳንባም ቢታጠብ እንዲህ ነው የሚወጣው።" ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው ደነገጡ። "እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሻይ ላፍላ።"

ሻይ በወተት፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ብስኩት። ኩባያው ላይ የአውቶቡስ ሥዕል አለ። ክሌም ቆሞ ጠጣ።

"ቁጭ ብትል አትነክስህም እኮ ወንበሯ" አሉት።

"ሱሪዬ ቆሻሻ ነው።"

"እኔ ቆሻሻ አላየሁም ብለህ ነው? የአውቶቡስ ሹፌር ልብስ ሠላሳ አንድ ዓመት አጥቤያለሁ።"

ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ሴሲል ናቸው። ዊኒ ትንሽ አወሩና ስልኩን ለክሌም ሰጡት። "ላናግረው ይላል።"

በስልኩ ውስጥ የሚሰማው ትንፋሽ ነው፤ ቃሉ በመሃል በመሃል ብቅ ይላል።

"ማነህ?"

"ክሌም ነኝ፣ አቶ ራምስደን። የማሞቂያው።"

"ስማ... ቤቴን እንዳታሰምጠው። ዋና አልችልም።"



"አርብ ስምንት ሰዓት ላይ ነኝ። እኔ በሕይወቴ... አንድ ደቂቃ አርፍጄ አላውቅም። አንተስ ትደርሳለህ?"

"እደርሳለሁ።"

"ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ... ፌርማታ ላይ ሲሮጥ።"

ስልኩ ሳል ሆነ፤ ከዚያ ነርስ መጣችና ተዘጋ።

ከሰዓት ላይ ስድስት ራዲያተሮች ጠሩ። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ መብራት ያነሳል፤ ማዶ ሲያሳይ ይተወዋል። የቀረው ሰባተኛው ነው፤ መስኮቱ ስር ያለው። እሱ አልሞቀም። ላዩ ለብ ይላል፣ ከወገቡ በታች በረዶ ነው። ክሌም መጀመሪያ ውሃውን ለስለስ አድርጎ እያዞረ ሞከረ። አልሆነም። ዊኒ መጥተው መዳፋቸውን አሳረፉበት።

"ይሄኛው ነው ለሱ የሚያስፈልገው" አሉ።

ክሌም ጠንካራውን መድኃኒት ከመኪናው አመጣ። ስድስቱን ዘጋና የማሽኑን ኃይል ሁሉ ወደዚያ አንድ ራዲያተር አዞረ። በመዶሻው ደበደበው። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። "ተው" የሚል ነገር ውስጡ አለ፤ "አርብ" የሚልም አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ከቆየ በኋላ አንድ ነገር ጉርርር አለና እንደ ሬንጅ የወፈረ ጭቃ በጎማው ወጣ። ራዲያተሩ ከላይ እስከ ታች ሞቀ።

"ወይዘሮ ራምስደን! ይምጡ!"

ዊኒ መጡ። ሁለት እጃቸውን አሳረፉበት። ከዚያ ዞረው ጀርባቸውን አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ኧረ ተባረክ" አሉ። "ኧረ አንተ ልጅ ተባረክ።"

ክሌም በሕይወቱ እንደዚያ የተደሰተበት ቀን ያለ አይመስለኝም። አለፈ ብሎ አመነ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ክሌም ኩሽና ሆኖ የመጨረሻውን ውሃ ያጠራል። ዊኒ ከፊተኛው ክፍል ጠሩት፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

"ክሌም፣ እዚህ ጋ ውሃ ደፍተሃል እንዴ?"

ምንጣፉ መስኮቱ ጋ ጠቁሯል። ክሌም ተንበርክኮ በመዳፉ ተጫነው፤ ውሃው ሞቅ ብሎ በጣቶቹ መሃል ወጣ። ሮጦ ማሽኑን አጠፋ። ሲመለስ ጥቁሩ እስከ ሶፋው ደርሷል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቆጣሪው ወደቀ፣ ቤቱ ጨለመ። ውሃው በግድግዳው ስር ሶኬቶቹ ውስጥ ገብቶ ነበር።

"ምንድነው? ክሌም፣ ምንድነው?"

"እጠግነዋለሁ" አለ። "እጠግነዋለሁ፣ እጠግነዋለሁ።"

የዚያን ዕለትም ሐሙስንም እንደ ሁለት ሰው ሠራ። ምንጣፉን ነቅሎ አወጣ። ውሃውን በጨርቅ እየጨመቀ ቀዳ። ወለሉን ቆፍሮ የስሩን ቧንቧ ቆርጦ ጣለና በግድግዳው ጠርዝ አዲሱን ዘረጋ። ሦስት ሰዓት ፈጀበት፤ ልክ እንዳሰበው ሦስት ሰዓት። አዲሱን ቦይለር ሰቀለ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ለኮሰውና ሰባቱም ራዲያተር ጋለ። አልጋው መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ የሚገባበት ደረቅ ወለል የለም። ኮንክሪቱ ውሃውን ጠጥቶ እየመለሰ ነው። ሙቀቱ ሲነካው ደግሞ ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ፤ የመስኮቱ መስታወት ያለቅሳል፣ የግድግዳው ወረቀት ከታች ይላጣል። በመስኮቱ በኩል ያለው ግድግዳ ሶኬቶቹ መብራት የላቸውም። የመብራት ሠራተኛ ተጠራ፤ ሰኞ ነው የምመጣው አለ።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ነርስ መጣች፤ ቤቱን አይታ እሺ እንድትል። ቤቨርሊ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ደግ ሴት። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ አየችና ትንፋሿን ሳበች።

"ውይ ዊኒዬ።"

"ይሞቃል እኮ! ንኪው፤ ነይ ንኪው" አሉ ዊኒ።

"ይሞቃል፤ አዎ። ግን ይሄ አየር... ይሄ ለሱ ሳንባ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። የኦክስጅን ማሽኑንስ የት እሰካዋለሁ?"

"በረጅም ገመድ ከኩሽና።"

"በእርጥብ ወለል ላይ? አይሆንም የኔ እናት።"

"ፎቅስ?"

"ደረጃው?"

"ኩሽናስ? ኩሽና እናስተኛው!"

"አልጋው በበሩ አይገባም። ዊኒ፣ ሰኞ። ሰኞ ድረስ ይድረቅ፣ መብራቱም ይሠራ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማመጣው።"

ነርሷ ወደ ክሌም ዞረች። ክሌም ጨርቁን ይዞ ጥጉ ላይ ቆሟል።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?"

አሁንም መናገር ይችል ነበር። ዊኒም ያዩታል።

"ዕድሜ ነው" አለ ክሌም። "የቧንቧው ዕድሜ ነው።"

ዊኒ ስልኩን አንስተው ለሴሲል ነገሩ። ክሌም ኩሽና ሆኖ ይሰማል።

"ሰኞ ነው፣ ሴሲል... አይ፣ ትንሽ ውሃ ነው... አይ፣ አልሰመጠም... አዎ፣ ነገርከው፤ አውቃለሁ እንደነገርከው... ሰኞ። እሺ? እስከ ሰኞ ጠብቀኝ። አንተ እኮ አትቀድምም፣ በሰዓቱ ነው የምትነሳው... ሴሲል?"

ቅዳሜ ወለሉ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነጣ ማለት ጀመረ። ክሌም ሁለት ማድረቂያ ማሽን ከመደብር ተውሶ አመጣና ከኩሽና ሰካቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ውሃቸውን እየደፋ ዋለ። እሑድ ጠዋት ዊኒ ሆስፒታል ሄዱ። የክፍሉን በር ሲከፍቱ የሴሲል አልጋ ባዶውን ተነጥፎ ነበር።

ሴሲል የሞቱት ንጋት ላይ ነው። አጠገባቸው የነበረችው ስማቸውን የማታውቅ ተለዋጭ ነርስ ናት። መጋረጃ በተከለለ አልጋ፤ መስኮት እንኳን በሌለበት በኩል።

ክሌም ሰኞ ጠዋት መብራት ሠራተኛውን አስገብቶ ነው የሰማው፤ ከጎረቤት። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ፣ ሶኬቱን ሞክሮ፣ "በራ!" ብሎ ሄደ። ክፍሉ ደርቋል፣ ይሞቃል፣ መብራቱ ይሠራል። ክሌም መሃል ወለሉ ላይ ቆመ። በመስኮቱ አሥራ ሰባት ቁጥር አለፈች። አራት ደቂቃ አርፍዳ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። በሩን አንኳኳ፤ አልተሰማም። ስልኩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። እንደገና አንኳኳ፤ በጡጫው፣ በኃይል።

ዊኒ ከፈቱ። ካፖርት ለብሰዋል። ቤቱ ውስጥ ብርድ ነው።

"ተበላሸ እንዴ?" አለ ክሌም።

"አጥፍቼው ነው። መሞቁን አልቻልኩትም። ግባ።"

ፊተኛው ክፍል ገቡ። አልጋውን ወስደውታል። ወለሉ ባዶ ኮንክሪት ነው፤ መስኮቱ ስር ክሌም የቆፈረው ጉድጓድ በአዲስ ሲሚንቶ ተደፍኖ ይታያል።

"ቁጭ በል" አሉት። እንደ ትእዛዝ ነበር። ክሌም ተቀመጠ። በሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

"ዕድሜ አልነበረም" አለ።

ክሌም ወለሉን እያየ ነገራቸው። ያን አርብ፣ መጠቅለያውን፣ ሲሚንቶውን፣ ቁጥር ስምንትን፣ ሁሉንም። ባሪን ለመውቀስ ትንሽ ሞከረና ተወው።

"እና ማክሰኞ እዚህ ስትቆም ታውቅ ነበር" አሉ ዊኒ።

"አውቅ ነበር።"

"ብትነግረኝ ምን ይደረግ ነበር?"

"ያሁኑን ቧንቧ አስቀድሜ እዘረጋ ነበር። በግድግዳው።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ሦስት ሰዓት።"

"ሦስት ሰዓት" አሉ ዊኒ። ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "እኔ ምን የምልህ መስሎህ ነው? እቆጣለሁ ብለህ ነው? የሃያ ዓመት ልጅ ሆነህ ላጠፋኸው እኔ ምን እልሃለሁ? ሻይ ነበር የማፈላልህ። በል ሥራው ብዬ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ዝም ነበር የምለው።"

ክሌም ዓይኑን አዲሱ ሲሚንቶ ላይ ተከለ።

"እኔን ፈርተህ ነው እሱ እዚያ የሞተው። እኔን!" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "መጋረጃ እያየ።"

ከዚያ ተነስተው ኩሽና ሄዱ። ሻይ ይዘው መጡ፤ በወተት፣ ሁለት ስኳር፣ ያው የአውቶቡስ ሥዕል ያለበት ኩባያ። ከልማድ ይሁን ከሌላ ነገር ክሌም አላወቀም። እጁ ላይ ሰጡትና እሳቸው አልተቀመጡም።

"ስንት ቤት ነው እንደዚህ ያለው?"

"ስድስት ነበር። ቁጥር ስምንትና ይሄኛው ተሠርቷል። አራት ይቀራል።"

"እነሱ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ጠጣና ሂድ ንገራቸው።"

ክሌም ሻዩን ትኩሱን ዋጠው፤ አፉን አቃጠለው። ኩባያውን ለማጠብ ሲነሳ ዊኒ ከእጁ ወሰዱት።

"ተወው። ሂድ።"

ወጣ። ቀጥሎ ያለው በር ቁጥር አሥራ አራት ነው፤ ከአራቱ አንዱ። አንኳኳ። አንድ ወጣት አባት ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ከፈተ። ከውስጥ ሙቅ አየር ወጥቶ የክሌምን ፊት ነካው። ሕፃኑ እጀ ጉርድ ብቻ ነው የለበሰው፤ እግሩ ባዶ ነው።

"አቤት አባባ፣ ምን ልርዳዎት?"

ክሌም ከአባትየው ጀርባ መስኮቱ ስር ያለውን ራዲያተር አየ። የሕፃን ልብስ ተሰጥቶበታል። ከስሩ ምንጣፍ ላይ መጫወቻዎች ተበትነዋል።

"ማሞቂያችሁ..." አለ።

"እ?"

"ማሞቂያችሁ ደህና ነው?"

"ኧረ ግሩም ነው! ምነው? ከማዘጋጃ ቤት ነዎት?"

ክሌም ምላሱ የተቃጠለበት ቦታ ይጠዘጥዘዋል። አባትየው ሕፃኑን እያወዛወዘ ጠበቀው፤ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው።

"አይ" አለ ክሌም። "ቤት ተሳስቼ ነው።"

በሩ ተዘጋ። ክሌም ወደ መኪናው ሲዞር ዊኒ በመስኮታቸው ቆመው አየ፤ አልጋው ሊቆም በነበረበት ቦታ። ሁሉንም አይተዋል። ትንሽ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ዊኒ እጃቸውን አንስተው መጋረጃውን ሳቡት።